ትልቅ መርከብ ላይ የቱ ይቅደም፣ ክፍሉ ወይስ ሾው?

ሰላም ለዚህ ቤት። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ከጋልቬስተን፣ ቴክሳስ የሚነሳ የሰባት ሌሊት የመርከብ ጉዞ ልንይዝ ነው። ሜክሲኮ ውስጥ ኮዙሜልና ኮስታ ማያ፣ ሆንዱራስ ውስጥ ደግሞ ሮአታን ይደርሳል። መርከቡ ሮያል ካሪቢያን የሚባለው የመርከብ ድርጅት ኦኤሲስ ክላስ ከሚላቸው ግዙፍ መርከቦች አንዱ ነው። በጠቅላላው አስር ሰው ነን። እኔና ባለቤቴ ከሦስት ልጆቻችን ጋር፣ እህቴና ባሏ ከሁለት ልጆቻቸው ጋር፣ በዚያ ላይ እማዬ አለች። እማዬ ሰባን አልፋለች፤ ጉልበቷን ያማታል። ያለ ምርኩዝ ትሄዳለች፣ ረጅም መንገድ ግን አይሆንላትም።

የጠየቅኩት ሰው ሁሉ ርካሹን ክፍል ያዢ፣ ለመኝታ ብቻ እኮ ነው ይለኛል። እኔ አልስማማም። ይህን ያህል ትልቅ መርከብ ላይ ክፍል መመረጥ ያለበት ማታ ማታ የት እንደምናመሽ ከታወቀ በኋላ ነው እላለሁ። መርከቡ ርዝመቱ 360 ሜትር ገደማ ነው። ትልቁ ቴአትር ከፊት በኩል ነው። የውሃው ትርኢት የሚታይበት ቦታ ከኋላ ጫፍ ነው። የበረዶ ሸርተቴው አዳራሽ ታች ዴክ (ፎቅ) 4 ላይ ነው። በአንድ ምሽት ከአንዱ ወደ ሌላው ስንመላለስ ጉልበቱን የሚከፍለው ማን ነው? እማዬ ናት።

ስለዚህ ሦስት ነገር ልጠይቅ። ሾው ከመሳፈራችን በፊት ማስያዝ ይቻላል ወይ? አስራችንም አብረን መቀመጥ እንችላለን ወይ? ክፍሉስ የት አካባቢ ቢሆን ይሻላል?

ክሩ (የዚህ ጥያቄ ውይይት) በጣም ስለረዘመ አዲስ ለሚገባ ሰው እንዲመች መልሶቹን በየተራቸው በራሴ ቃል እያጠቃለልኩ እዚሁ አስቀምጫለሁ። በየመሃሉ የራሴን አስተያየትም ጨምሬአለሁ።

መልስ 1 ከሂዩስተን ነው። እንኳን ደስ ያላችሁ ብሎ ጀመረና ከሐሳቤ ጋር ተስማማ። ትርኢቶቹ ከቲኬቱ ጋር የሚመጡ ስለሆኑ ተጨማሪ ክፍያ የላቸውም፤ ቦታ ግን በድርጅቱ የስልክ አፕ ወይም ድረ ገጽ ማስያዝ ያስፈልጋል አለ። መቼ እንደሚከፈት እንደ መርከቡና እንደ ጉዞው ይለያያል። አንዳንዱ ከጉዞው በፊት ይከፈታል፣ አንዳንዱ የሚከፈተው ከተሳፈሩ በኋላ ነው። ስለዚህ ከያዝሽበት ቀን ጀምሮ ደጋግመሽ እያየሽ ጠብቂ አለኝ። ለምን ማስያዝ እንደሚያስፈልግም በቁጥር አስረዳ። ቴአትሩ የሚይዘው ወደ 1,400 ሰው ነው። መርከቡ ደግሞ በየክፍሉ ሁለት ሁለት ሰው ብቻ ቢገባ እንኳ ከ5,400 በላይ ይጭናል። አንድን ትርኢት ደጋግመው የሚያሳዩት ለዚህ ነው።

መልስ 2 የዳላስ እህት ናት። መልስ 1 ልክ ነው፣ ግን ዋናውን ነገር ዘለለው አለች። የምታስይዙት መግቢያ እንጂ ወንበር አይደለም። ወንበሩ የቀደመ ሰው ነው። ትርኢቱ ሊጀመር አስር አስራ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ያልመጣ ሰው ቦታው ይለቀቅና ለተጠባባቂዎች ይሰጣል። አስር ሰው አጠገብ ላጠገብ መቀመጥ ከፈለገ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ መድረስ አለበት። አንድ ሰው ልኮ ለዘጠኝ ሰው ወንበር ላይ ሹራብ መደርደር ግን ጠብ ያመጣል፤ አስተናጋጆቹም አይወዱትም። አምስት አምስት ሆናችሁ ፊትና ኋላ ረድፍ ላይ ተቀመጡ ብላ መከረች። ይህን ወድጄዋለሁ። ልጆቹም አያታቸው ፊት ሲሆኑ ይረጋጋሉ።

መልስ 3 ከአትላንታ ነው። ይህ ሁሉ ጭንቀት ለምን አለ። እሱና ሚስቱ ምንም ሳያስይዙ በተጠባባቂ ሰልፍ ገብተው ሁሉንም እንዳዩ ጻፈ። ለእረፍት ወጥቶ እንደ ቢሮ በሰዓት መመራት የእረፍትን ትርጉም ያጠፋል ባይ ነው።

መልስ 4 ይህን አልታገሰችም። ሁለት ሰው ክፍት ወንበር አያጣም፤ አስር ሰው ግን ከነአሮጊቷና ከነሕፃናቱ ሰልፍ ላይ ቆሞ በመጨረሻ ሦስቱ ገብተው ሰባቱ ሲመለሱ እናያለን አለች። የኮሜዲው ክፍል ትንሽ ነው፣ የበረዶው አዳራሽም ከቴአትሩ በጣም ያንሳል፤ እነዚህ ሁለቱ ቶሎ ይሞላሉ። የራሱን ሁኔታ ለሁሉም ሰው ምክር አድርጎ የሚያቀርብ ሰው ያናድደኛል ብላ ጨረሰች። አነጋገሯ ጠንከር ያለ ነው፤ ሐሳቧ ግን ልክ ነው። የሁለት ሰው ጉዞና የአስር ሰው ጉዞ አንድ አይደለም።

መልስ 5 ላይ የሂዩስተኑ ሰው ተመልሶ መጣ። ለእኔ በጣም የጠቀመኝ ይህ ነው። በየክፍሉ የተለያየ የቦታ ማስያዣ ቁጥር ይሰጣል። እነዚህ ቁጥሮች እርስ በርስ ካልተያያዙ ድርጅቱ እናንተን እንደማይተዋወቁ ሦስት ቤተሰቦች ነው የሚያያችሁ። ስለዚህ ደውላችሁ ወይም በወኪላችሁ በኩል አያይዟቸው አለ። ያኔ አንድ ሰው በስልኩ ለሁሉም ሾው ማስያዝ ይችላል፣ የእራት ጠረጴዛም አንድ ላይ ይሆናል። እናትሽ ስማርት ስልክ ባይዙም አይጨነቁ፤ በር ላይ የሚታየው የክፍል ካርዳቸው ነው። አፑ ደግሞ መርከቡ ላይ የኢንተርኔት ጥቅል ሳይገዛ በመርከቡ ዋይፋይ ብቻ ይሠራል። ስልኩን ግን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት፣ አለበለዚያ የባህር ላይ ሮሚንግ ሂሳብ ይመጣባችኋል።

መልስ 6 ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ወሬውን ወደ ክፍል መለሰችው። መሃል መርከብ፣ ዝቅ ያለ ፎቅ፣ ሌላ ነገር አትፈልጉ አለች። እዚያ መወዛወዝ ያንሳል፤ ወደ የትም ለመሄድ እኩል ነው። ይህ በየቦታው የሚሰጥ ምክር ነው፤ እኔም ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ።

መልስ 7 ግን ይህን ምክር ገልብጦ አሳየን። ስሙን ባላውቅም አመሰግነዋለሁ። በኦኤሲስ ክላስ መርከቦች ላይ ዋናዎቹ አሳንሰሮች በሁለት ቦታ ነው የተሰባሰቡት፤ አንዱ ወደ ፊት፣ ሌላው ወደ ኋላ። መሃል ላይ የሉም። መርከቡ መሃሉ ሰማይ ድረስ ክፍት ነው፤ ሴንትራል ፓርክ የሚባለው የአትክልት ቦታ ዴክ 8 ላይ፣ ቦርድዎክ የሚባለው የመዝናኛ ቦታ ደግሞ ዴክ 6 ላይ ወደ ኋላ አለ። ስለዚህ መሃል ክፍል የያዘ ሰው በየትኛውም በኩል ቢሄድ አሳንሰር ለመድረስ ረጅም ኮሪደር ይጠብቀዋል። ይህን በቀን ስድስት ሰባት ጊዜ ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናት ማሰብ ነው። ለሌላ መርከብ መሃል ጥሩ ይሆናል፤ ለዚህ መርከብና ለእኚህ እናት ግን አይሆንም አለ።

በዚህ አላበቃም። ዋናው የመመገቢያ አዳራሽ ከኋላ በኩል ነው። ዴክ 16 ላይ ያለው ቡፌም ከኋላ ነው። የውሃ ቴአትሩም ከኋላ ነው። ከፊት በኩል የሚያስጉዛችሁ ትልቁ ቴአትር ነው፤ እዚያ ደግሞ በሳምንት የምትሄዱት ሁለት ሦስት ምሽት ነው። ቁርስ፣ ምሳና እራት ግን በየቀኑ አለ። ስለዚህ ለኋለኛው አሳንሰር ቅርብ የሆነ ክፍል ያዙ፤ ቴአትር የምትሄዱበት ማታ ከእራት በኋላ በዴክ 5 ፕሮመናድ (ሱቅና ካፌ ያለበት ሰፊ መተላለፊያ) በኩል ቀስ እያላችሁ፣ ቁጭ እያላችሁ ሂዱ አለ። በዴክ 4 በኩልም ማለፍ ይቻላል፣ ግን ካዚኖው እዚያ ስለሆነ የሲጋራ ሽታ አለ።

እኔ ሾው ነበር የያዝኩት። መልስ 7 ማዕዱንም ጨመረበት። የመርከቡን የፎቅ ካርታ ከፍቼ ሳየው ያለው ሁሉ ልክ ነው። ይህን ክር የሚያነብ ሰው ሌላውን ቢዘል እንኳ ይህን አይዝለል።

መልስ 8 ባህር ዳር በሚገኘው የማሪታይም ማሠልጠኛ የተማረ የመርከብ መሐንዲስ ነው። የሚሠራው የጭነት መርከብ ላይ ነው፤ የመልስ 6 ምክር መሠረት እንዳለው ለማስረዳት ነው የገባው። መርከብ በሁለት መንገድ ይወዛወዛል። አንዱ ወደ ግራና ቀኝ ማዘንበል ነው። ሌላው ፊቱና ኋላው ከፍ ዝቅ ማለቱ ነው። ረጅም የባህር ዛፍ ግንድ መሃሉን በትከሻ ተሸክማችሁ ስትሄዱ ጫፎቹ ይዘላሉ፣ ትከሻችሁ ላይ ያለው ግን ብዙም አይንቀሳቀስም፤ መርከብም እንደዚያ ነው አለ። ከውሃው በታች ከጎንና ከጎን የሚዘረጉ ክንፎች የግራ ቀኙን ይቀንሳሉ፤ ፊትና ኋላውን ግን ብዙም አይረዱትም። ስለዚህ በጣም የሚያስቸግረው ፊት ጫፍ ላይ ያለ ከፍ ያለ ፎቅ ነው። ሆኖም ከ225,000 ግሮስ ቶን (የመርከብ የውስጥ ስፋት መለኪያ) በላይ የሚለካ መርከብ በሐምሌና በነሐሴ በተረጋጋ ባህር ላይ ያን ያህል አያስቸግርም፤ ጉልበትና ማቅለሽለሽ ሲመዘኑ እኔ ለጉልበቱ አደላለሁ፣ ከ7ኛው ጋር ነኝ ብሎ ጻፈ። ማቅለሽለሽ ለሚፈራ ዝንጅብል ይዛችሁ ሂዱ፤ ኪኒን ከሆነ ግን የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ሰው ሐኪም ሳይጠይቁ እንዳይወስዱ አለ።

ይኸው ሰው ሌላም ነገር አሳሰበ። በፈረንጆቹ 2012 ኮስታ ኮንኮርዲያ የምትባለው የመንገደኞች መርከብ ጣሊያን ጠረፍ ላይ ከተገለበጠች በኋላ ዓለም አቀፉ ደንብ ተለውጧል። በፈረንጆቹ ከጥር 2015 ጀምሮ የአደጋ ጊዜ ልምምዱ መርከቡ ከመነሳቱ በፊት ወይም እንደተነሳ ወዲያው መደረግ አለበት። አሁን ግማሹን በአፑ ታዩታላችሁ፤ ግን መሰብሰቢያ ቦታችሁ ድረስ በእግር ሄዳችሁ መታየት ግዴታ ነው። የመጀመሪያውን ቀን ስታቅዱ ይህን አስቀድሙ፤ እናታችሁም መንገዱን በእግራቸው ይወቁት አለ።

መልስ 9 ቦርድዎክን ቁልቁል የሚያይ በረንዳ ይዛ የሄደች እናት ናት። ወደ ኋላ ጫፍ ከተጠጋ ከበረንዳው ላይ የውሃውን ትርኢት ማየት ይቻላል፤ ልጆቿ ፒጃማ ለብሰው ጠላቂዎቹን ሲያዩ ደስታቸው ወሰን አልነበረውም። ዋጋውም ወደ ባህር ከሚያየው በረንዳ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። ነገር ግን ሳትደብቅ የነገረችን አለ። ቀን ቀን ልምምድ አለ፣ ሙዚቃ አለ፣ ሥር ደግሞ የልጆች የፈረስ ማዞሪያ አለ። ከሰዓት እንቅልፍ ለለመደ ሰው አይሆንም።

መልስ 10 ለ9ኛው ጨመረችላት። ወደ ውስጥ በሚያይ በረንዳ ላይ ከወዲያ ማዶ ያለው ክፍልም እናንተን ያያል፤ መጋረጃ ሳትዘጉ ልብስ መቀየር የለም። እናትሽ ጠዋት ጠዋት የሚጸልዩ ከሆነ ጸጥ ያለው የሴንትራል ፓርኩ ይሻላቸዋል፣ ግን ባህር አያዩም አለች። እማዬ ባህር ማየት ትፈልጋለች። ስለዚህ ሁለቱንም ትቼዋለሁ።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ከረረ።

መልስ 11 በረንዳ ብክነት ነው አለ። ውስጠኛው መስኮት አልባ ክፍል ይበቃል፤ የተረፈውን ገንዘብ አገር ቤት ላሉ ዘመዶች መላክ ይሻላል ባይ ነው። በዚያ ላይ የአገልግሎት ጉርሻው ብቻ ለመደበኛ ክፍል በቀን በነፍስ ወከፍ ከ18 ዶላር አያንስም፤ አስር ሰው በሰባት ቀን ከ1,200 ዶላር በላይ ይከፍላል። ይህን ሳታስቡ ስለ በረንዳ ታወራላችሁ ብሎ ወቀሰን።

መልስ 12 ብስጭቷን አልደበቀችም። ሠላሳ ዓመት ለሰው ሲልኩ የኖሩ እናት አንድ ሳምንት ባህር ቢያዩ ማን ላይ ጉዳት ደረሰ አለች። ሰው የሚልከውን ገንዘብ መድረክ ላይ አይቆጥርም፤ ሌላው ስንት እንደሚልክ ሳታውቅ አትፍረድ ብላ መለሰችለት። እኔም እዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም። የጉርሻው ሂሳብ ትክክል ነው፣ ጠቃሚም ነው፤ ሁሉም ሰው ከበጀቱ ጋር ይደምረው። ስለ ዘመዶቻችን የተባለው ግን ቦታው አልነበረም።

መልስ 13 ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው የዚህ መድረክ አንጋፋ ናቸው። ሁለቱንም አረጋጉ። ውስጠኛ ክፍል ለወጣት ጥሩ ነው፣ ጨለማው እንቅልፍ ይሰጣል አሉ። ለአረጋዊ ግን ሌሊት ሲነቁ ሰዓቱም ቦታውም ግራ ያጋባል፤ እሳቸው ራሳቸው ደርሶባቸዋል። ውስጠኛ የያዘ ሰው የመታጠቢያ ቤቱን መብራት ለኩሶ በሩን ገርበብ አድርጎ ይተኛ ብለው መከሩ። ከዚያም መልስ 11ን ልጄ ብለው ጠርተው ሐሳቡ ቅን እንደሆነና አቀራረቡን ብቻ እንዲያለሰልስ ነገሩት። እሱም ይቅርታ ጠይቆ ወጣ።

መልስ 14 ጥቂት ሰው የሚያውቀውን ነገር አነሳች። አራት አልጋ ያለው ክፍል ስላገኛችሁ ብቻ አራት ሰው ያስገቧችኋል ማለት አይደለም። የነፍስ አድን ጀልባዎች የሚይዙት ሰው የተወሰነ ስለሆነ በዚያ አካባቢ ያለው ቁጥር ከሞላ ለሦስተኛና ለአራተኛ ሰው ክፍሉ ይዘጋል። ስለዚህ ቤተሰብ ያለው ሰው ቀድሞ መያዝ አለበት፤ የመጨረሻ ሰዓት ቅናሽ የሚጠቅመው ሁለት ሁለት ሆኖ ለሚሄድ ነው። ሦስተኛውና አራተኛው አልጋ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከጣሪያ የሚወርድ ነው፣ መሰላል አለው። እናትሽን አራተኛ ሰው አድርገሽ እዚያ ልታስተኚያቸው እንዳታስቢ አለችኝ። በመሃል በር የሚገናኙ ሁለት ክፍሎች ያዢ፤ ድምፅ በበሩ ሥር ያልፋል፣ የማያውቁት ጎረቤት ሲሆን ያስቸግራል፣ የራስ ሰው ሲሆን ግን ይህ ራሱ ጥቅም ነው።

መልስ 15 አጭር ነው፤ ግን ሊታለፍ አይገባም። ጋራንቲ የሚባለውን ርካሽ ምርጫ እንዳትይዙ አለ። እዚያ ላይ የክፍሉን ዓይነት እንጂ ቦታውን አትመርጡም፣ ድርጅቱ የተረፈውን ይሰጣችኋል። ሦስታችሁ በሦስት ጥግ ትሆናላችሁ። ደግሞ ከክፍላችሁ በላይና በታች ምን እንዳለ በካርታው ላይ እዩ። ከዋና ገንዳው ሥር ያለው ዴክ 14 ንጋት ላይ ወንበር ሲጎተት ይሰማበታል። ከላይም ከታችም መኝታ ክፍል ያለበት ፎቅ ነው ጸጥታ ያለው።

መልስ 16 ከዱባይ መጣ። እህታችን በፈረንጆቹ ክረምት ከባሕረ ሰላጤው ወደቦች በሚነሳ ኤምኤስሲ የሚባል ሌላ ድርጅት መርከብ እንደሄደች ነገረችን። ከዚያ ስለ ዶሃ፣ በ2022 የዓለም ዋንጫ ጊዜ መርከቦች ሆቴል ሆነው ስለመቆማቸው፣ ስለ ፈቃድ አወሳሰድና ስለ አሠሪ ብዙ ተወራ። ከርዕሱ የወጣውን ዘልዬዋለሁ። ከእሷ የያዝኩት አንድ ነገር ነው። እሷ ሾው ያስያዘችው ከተሳፈረች በኋላ ነበር። ስለዚህ ይህ ክር ላይ ያለውን ደንብ ሌላ ድርጅት መርከብ ላይ እንዳለ አትውሰዱት።

መልስ 17 ያሉት ወይዘሮ ከኛ ሁላችን የተሻለ አሰቡ። በሐምሌ መጨረሻ ከተነሳችሁ ነሐሴ 1 ፍልሰታ መርከብ ላይ ሆናችሁ ይገባል፤ እናትሽ ይጾማሉ? ብለው ጠየቁኝ። አዎ ትጾማለች። እንግዲያውስ የእራት ሰዓታችሁን ከሾው በፊት ወስኑ አሉ። ቋሚው እራት ሁለት ተራ አለው፤ የመጀመሪያው በፈረንጅ ሰዓት አመሻሽ 5፡30 አካባቢ፣ ሁለተኛው 8፡00 አካባቢ። ሲጾሙ ለዋሉ ሰው የመጀመሪያው ነው የሚሻለው፣ ከዚያም ለ8፡00ው ትርኢት ሳይቻኮሉ ይደርሳሉ። ሁለተኛውን ተራ የያዘ ሰው ግን ቀደም ያለውን ሾው ማስያዝ አለበት፤ አለበለዚያ እራቱና ሾው ይጋጫሉ። ጾሙን ደግሞ ለምግብ ቤቱ ኃላፊ በመጀመሪያው ማታ ንገሩት፤ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል የለም በሉት። ቪጋን ስትሉት ወዲያው ይገባዋል፤ ለነገው ማታ ዛሬ ያዘጋጅላችኋል። በርበሬና ሚጥሚጣ በትንሽ ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ ሲሉ ደግሞ ከታች አስራ ምናምን ሰው በልብ ምልክት አጨበጨበላቸው። እኔ የሾው ሰዓት ስደረድር ጾሙን ከእራቱ ጋር አላገናኘሁትም ነበርና እግዜር ይስጥልን እላለሁ።

መልስ 18 የ4ኛዋ ናት፤ በዚህኛው ለስለስ ብላ ነው የመጣችው። የውሃው ትርኢት ሰማይ ሥር ነው፤ ነፋስ ሲበረታ ወይም መርከቡ ሲወዛወዝ ለጠላቂዎቹ ደኅንነት ይሰረዛል። ስለዚህ እሱን በሳምንቱ መጀመሪያ አስይዙት፤ ቢሰረዝ ሌላ ቀን ይኖራችኋል። ለመጨረሻው ማታ ያስቀመጠ ሰው ሳያይ ሊመለስ ይችላል። በተለይ የአውሎ ነፋስ ወቅት ከሰኔ 1 እስከ ኅዳር 30 በፈረንጆቹ ስለሆነ እናንተ መሃሉ ላይ ናችሁ፤ የወደብ ቅደም ተከተልም ሊለወጥ ይችላል፣ ሾው አብሮ ይለወጣል። አፑን ጠዋት ጠዋት እዩ አለች። ፊት ረድፎቹ ላይ ውሃ ይረጫል፤ ልጆቹን እዚያ፣ እናትሽን ከፍ ብሎ ካለው ጫፍ ወንበር ላይ አስቀምጧቸው፣ ደረጃው ግን ቁልቁለት ስለሆነ ክንዳቸውን ያዙ አለች።

መልስ 19 ወደ ወረቀት ወሰደን። ከአሜሪካ ተነስቶ ወደ አሜሪካ በሚመለስ ጉዞ ዜጋ የሆነ ሰው በልደት የምስክር ወረቀትና በመንግሥት መታወቂያ መሳፈር ይችላል፤ ፓስፖርት ግን ይበልጣል፣ ከወደብ ላይ ብትቀሩ በአውሮፕላን የምትመለሱት በእሱ ነውና። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ከግሪን ካርዱ ጋር ጊዜው ያላለፈ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይያዝ፤ የየወደቡን የቪዛ ደንብም ክፍያ ከመጨረሱ በፊት ለየአገሩ ቆንስላ ይጠይቅ አለ። የእህቴ ባል ግሪን ካርድ ነው ያለው፤ የፓስፖርቱ ጊዜ ሊያልፍ ተቃርቦ ስለነበር ዛሬውኑ ማደስ ጀምሯል።

መልስ 20 ወጣት ልጅ ነው፤ ስለ ሰዓት ጻፈ። ለአያቱ የሾው ዝርዝር በኛ አቆጣጠር በትልቁ ጽፎ ካርዳቸው ጀርባ ላይ ይለጥፍላቸው ነበር፤ 8፡00 የሚለውን ማታ 2 ሰዓት እያለ። ስልክ ወደብ ላይ ሲወርዱ በራሱ ሰዓት ሊቀይር ስለሚችል ሁሌም የመርከቡን ሰዓት ተከተሉ፤ ወደ መርከቡ የመመለሻ ሰዓትም የሚቆጠረው በመርከቡ ነው አለ። ይህን እማዬ በጣም ትወደዋለች።

እስካሁን ያደረግነው ይህ ነው። ሦስት ክፍል ለጊዜው አስይዘናል፤ ሁሉም ዴክ 9 ላይ፣ ለኋለኛው አሳንሰር ቅርብ። እማዬ ከትልቋ ልጄ ጋር ወደ ባህር የሚያይ በረንዳ ባለው ክፍል ትሆናለች። እኔና ባለቤቴ ከሁለቱ ትንንሾች ጋር በመሃል በር የሚገናኘውን አጠገቧን ይዘናል። እህቴና ቤተሰቧ ሁለት በር አልፈው ናቸው። ሦስቱም ቁጥሮች ተያይዘዋል። እራታችን የመጀመሪያው ተራ ነው። ሾው እንደተከፈተ የውሃውን ለሁለተኛው ማታ፣ የበረዶውን ለባህር ላይ ቀን፣ ቴአትሩን እማዬ ቀን ላይ ለምታርፍበት ዕለት እናስይዛለን። መልስ 7 ወይም መልስ 14 ይህን ካያችሁ ዴክ 9 ላይ የማላውቀው እንቅፋት ካለ ንገሩኝ፤ የመጨረሻው ክፍያ ከጉዞው ወደ 90 ቀን ቀደም ብሎ ስለሆነ እስከዚያ መቀየር እንችላለን። ስለ ኮዙሜልና ሮአታን መውረጃ የጠየቃችሁኝ ደግሞ ሌላ ክር እከፍታለሁ፣ እዚያ እንገናኝ።